ኢማም አቡ ሐኒፋ፦ የኩፋው ባለሱቅ



የዐረፋ ሰሞን ቡታጅራን ያየ ሰው የገበያውን ትርምስ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ በላይ በላዩ መኪና ይደርሳል። መርካቶ ሱቁን ዘግቶ የመጣው ነጋዴ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበው ሠራተኛና ተማሪ፣ ሁሉም ለቤተሰቡ ይዞ የሚገባውን ሊገዛ ወደ ገበያ ይወጣል። ወልቂጤም በዚያ ሰሞን እንዲሁ ናት። ቅቤው፣ በርበሬው፣ ሰንጋው፣ የልጆች ልብሱ በአንድ ቀን ይገዛል። ሸማቹ ይቸኩላል፤ የሚቸኩል ሸማች ደግሞ አገላብጦ አያይም።

ከዓመታት በፊት በእንዲህ ያለ ሰሞን ለእናቴ የቀሚስ ጨርቅ ልገዛ ከገበያው አጠገብ ካለ አንድ ሱቅ ገባሁ። ግድግዳው ላይ አየተል ኩርሲ ተሰቅሏል። ባለሱቁ ሰላምታዬን አሟልቶ መለሰልኝና ጣቃውን ከመደርደሪያ አወረደ። ጨርቁን እየዘረጋ ሱብሓነላህ ይላል፤ ማሻአላህ ይላል፤ በነቢዩ ላይ ሶለዋት ያወርዳል። ዋጋ ስጠይቀው በወላሂ ጀመረ። በዚያ ሁሉ ዚክር መካከል ጨርቁን ገልብጦ መመርመር ነውር መስሎኝ ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ደርሼ እናቴ ስትዘረጋው በእጥፉ ላይ ፀሐይ የበላው መስመር ከዳር እስከ ዳር ታየ። እናቴ ሰውየውን አልረገመችም። ጨርቁን እንደ ነበረ መልሳ አጠፈችና፣ ባለሱቁ በየት በኩል እንደሚታጠፍ አሳምሮ ያውቃል ብላ ዝም አለች።

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ያስቸገረኝም ሰውየው የዋሸው ምኑ ላይ እንደሆነ ነጥሎ መናገር ነው። ጨርቁ እንከን የለበትም አላለም። እኔም አልጠየቅሁትም። በወላሂ የጠራው ዋጋ ምናልባት እውነተኛ ዋጋው ነበር። አላህን ማወደስም ሆነ ሶለዋት ማውረድ በራሱ ዒባዳ ነው። ታዲያ ምኑ ነው የጎመዘዘኝ? ነገሩን ሳብላላ ወደ ሐሳቤ የመጡት ከ1,250 ዓመት በፊት በኢራቅ የሞቱ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ዓለም የሚያውቃቸው በነጋዴነታቸው አይደለም። ከአራቱ መዝሀቦች የመጀመሪያው የተሰየመባቸው ታላቁ ኢማም አቡ ሐኒፋ (አላህ ይዘንላቸው) ናቸው። በአገራችን አብዛኛው ሙስሊም የሻፊዒ መዝሀብ ተከታይ ቢሆንም በወሎ የሐነፊ ፊቅህ የሚቀሩ ዑለማ ነበሩ፣ አሉም። የኢማሙን ስም የማያውቅ ሙስሊም ያለ አይመስለኝም። ሱቃቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ኢማሙ በ80 ዓመተ ሒጅራ (699 እ.ኤ.አ.) በኩፋ ተወለዱ። ስማቸው ኑዕማን፣ አባታቸው ሣቢት ይባላሉ። የቤተሰቡ ዘር ከፋርስ ወገን ሲሆን አያታቸው ከካቡል የመጡ ናቸው ተብሎ ተዘግቧል። አባታቸው ሣቢት በልጅነታቸው ከሰይዲና ዐሊይ (ረ.ዐ) ዘንድ ቀርበው፣ ለእሳቸውና ለዘራቸው የበረካ ዱዓ እንደተደረገላቸው ይተረካል። ኩፋ ያኔ ትልቅ ከተማ ነበረች። በሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ዘመን በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ እጅ የጦር ሠፈር ሆና ተቆረቆረች፤ በኋላ የሰይዲና ዐሊይ መቀመጫ ሆነች፤ ዐረቡም ፋርሱም ሌላውም የሚገናኝባት የንግድና የዕውቀት ገበያ ነበረች።

ቤተሰቡ የሚተዳደረው በጨርቅ ንግድ ነበር። የሚሸጡት ኸዝ የሚባለውን ከሐርና ከሱፍ የሚሠራ ውድ ጨርቅ ነው። ንጹሕ ሐር ለወንድ የተከለከለ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ እንዳይደናገር፣ ኸዝ ድብልቅ በመሆኑ ከሶሓቦችም የለበሱት እንደነበሩ መዘገቡን ላስታውስ። ወጣቱ ኑዕማን ከልጅነቱ ጀምሮ ያደገው በዚህ ሱቅ ነው። ጨርቅ ለይቶ ማወቅ፣ ዋጋ መገመት፣ የሰው ፊት ማንበብ የተማረው ከዚያ ነው። አንድ ቀን ወደ ገበያ ሲያልፍ ታላቁ ዓሊም ኢማም አሽ-ሸዕቢ ጠርተው ወዴት እንደሚመላለስ ጠየቁት። ወደ ገበያ ነው የምመላለሰው ሲል፣ እሳቸው የጠየቁት የየትኛውን ዓሊም መቅሪያ እንደሚያዘወትር መሆኑን ነገሩት። ወደ ዑለማ ዘንድ ብዙም እንደማይሄድ ሲሰሙ፣ የአእምሮውን ንቃት አይተዋልና ዕውቀትን እንዲፈልግ አጥብቀው መከሩት። ምክሩ ልቡ ገባ። ሱቁን ግን አልዘጋም። ይህን አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ኢማሙ ሊቅ ከሆኑ በኋላም እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ በሸሪኮቻቸውና በሠራተኞቻቸው አማካይነት ነጋዴ ነበሩ።

ከሱቃቸው የተዘገቡት ታሪኮች ብዙ ናቸው። አንዷ እንዲህ ነው፦ አንዲት ሴት የሐር ልብስ ልትሸጥላቸው ይዛ መጣች። ስንት እንደምትል ሲጠይቋት መቶ አለች። ከመቶ በላይ ያወጣል አሏት። መቶ ጨመረች። አሁንም ይበልጣል አሏት። እንዲህ መቶ መቶ እየጨመረች አራት መቶ ደረሰች። እሳቸው ግን አሁንም ይበልጣል አሉ። ሴትየዋ የሚቀልዱባት መሰላት። እንግዲያው ዋጋ የሚያውቅ ሰው ጥሪ አሏት፤ ሰው አመጣች፤ በአምስት መቶ ገዟት።

ልብ እንበል፤ እዚህ ላይ ኢማሙ ሻጭ አይደሉም፣ ገዢ ናቸው። ሴትየዋ በራሷ አንደበት የጠራችውን ዋጋ ከፍለው ቢወስዱ ማንም ሌባ አይላቸውም ነበር። የኛ አገር ነጋዴ ይህን ሲሰማ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ። ከመስቃን ወይም ከማረቆ ገጠር በርበሬ ጭና ወደ ቡታጅራ የምትመጣ እናት፣ ከእነሞርና ከቸሃ ቅቤዋን በቅል ይዛ ወደ ወልቂጤ የምትወርድ እናት፣ የዕለቱን ዋጋ ከማወቋ በፊት ከከተማው መግቢያ ላይ የሚጠብቃት ሰው አለ። ከእጇ ይቀበላታል፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሌላ ዋጋ ይሸጠዋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነጋዴ ከገጠር የሚመጣውን ሰው ገበያ ሳይገባ መንገድ ላይ ወጥቶ እንዳይቀበለው መከልከላቸው ለዚህ ነው። የተከለከለው መግዛቱ አይደለም። ገጠሬው የማያውቀውን የዕለት ዋጋ እሱ ብቻ ይዞ መግዛቱ ነው። ኢማሙም ያደረጉት ያን ዋጋ ለባለቤቷ መንገር ነበር።

ሌላ ጊዜ አንድ ወዳጃቸው የተወሰነ ቀለም ያለው የኸዝ ልብስ ፈለገ። እስኪገኝ እንዲጠብቅ ነገሩት። ሳምንት ሳይሞላ ተገኘ፤ ዋጋውን ሲጠይቅ አንድ ዲርሃም አሉት። ወዳጅየው እንደ ሴትየዋ ቀልድ መሰለው። እሳቸው ግን ሒሳቡን ዘርዝረው አስረዱት፦ ሁለት ልብስ በ20 ዲናርና በ1 ዲርሃም ገዝተው ነበር፤ አንደኛውን በ20 ዲናር ሸጠውታል፤ ስለዚህ ይህኛው የቆመባቸው በአንድ ዲርሃም ነው፤ ከወዳጅ ደግሞ ማትረፍ አልፈለጉም። በየገበያችን በወላሂ የሚጠራውን መነሻ ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ታሪክ ብዙ ይናገራል። መሐላ ዕቃን ቶሎ እንደሚያሸጥ፣ በረካውን ግን እንደሚያጠፋ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ኢማሙ ስለ መነሻ ዋጋቸው አልማሉም፤ የገዙበትንና የሸጡበትን ቁጥር ብቻ ተናገሩ።

ሦስተኛው ታሪክ ከሁሉም የከበደው ነው። ሐፍስ ኢብኑ ዐብዱረሕማን የሚባሉ የንግድ ሸሪክ ነበሯቸው። ጨርቅ ሲልኩላቸው በአንደኛው ልብስ ላይ እንዲህ ያለ እንከን እንዳለበት ነገሯቸው፤ ሲሸጡት ለገዢው እንዲነግሩም አሳሰቧቸው። ሐፍስ ግን ሸጡትና እንከኑን መናገር ረሱ። ገዢው ማን እንደሆነም አላወቁም። ኢማሙ ይህን ሲሰሙ የዚያን ዕቃ ገንዘብ ሁሉ ሶደቃ አደረጉት። የአንዱን ልብስ ዋጋ ብቻ ለይተው አላወጡም። ከዘጋቢዎቹ አንዳንዶቹ ገንዘቡን 30,000 ዲርሃም ያደርሱታል፤ ከሸሪካቸውም በዚህ ምክንያት ተለያዩ የሚሉ አሉ።

ሐፍስ አላጭበረበሩም፤ ረሱ እንጂ። ይህን ታሪክ አንድ ወልቂጤ ውስጥ ለሚነግድ ወዳጄ ባጫወትኩት ጊዜ፣ እንዲህ ያለውን ሰው የቤት ኪራይና ግብር ይዞት ቢሆን ኖሮ እናየው ነበር አለኝ። እውነቱን ለመናገር አባባሉን ንቄ አላለፍኩትም። እንከኑን የተናገረ ነጋዴ ገዢውን ከጎኑ ላለው ዝምተኛ ነጋዴ አሳልፎ ይሰጣል። ይህ በየቀኑ የሚታይ ነው። እኛ ጸሐፊዎችና ዱዓቶች እውነት የሚናገር ነጋዴ ሁሌም ይበለጽጋል እያልን መስበክ ይቀናናል፤ ነጋዴው ግን ሒሳቡን ስለሚያውቅ በልቡ ይስቅብናል። የኢማሙ ታሪክ እንደዚያ አይልም። ኢማሙ በዚህ ነገር ከስረዋል፤ ትልቅ ገንዘብ ነው የከሰሩት። ሐብታም መሆናቸው እውነት ነው። ሆኖም ሐብታቸውን የእውነተኛነታቸው ደመወዝ አድርጎ ማቅረብ እሳቸው ራሳቸው ያልተናገሩትን በአፋቸው ማድረግ ይሆናል።

ወደ ቡታጅራው ሱቅ የሚመልሰኝ ግን አራተኛው ታሪክ ነው። አንድ ሰው የኸዝ ልብስ ሊገዛ መጣ። ኢማሙ ልጃቸውን ሐማድን ልብሱን እንዲያወጣ አዘዙት። ሐማድ አወጣና ሲዘረጋው በነቢዩ ላይ ሶለዋት አወረደ። ኢማሙ ወዲያው አስቆሙት፤ ዕቃውን አመሰገንከው ብለው ገሠጹት፤ ያንንም ልብስ ለሰውየው አልሸጥም አሉ ተብሎ ይተረካል። ሰውየው ገበያውን ዞሮ የሚፈልገውን ስላጣ ተመልሶ ቢመጣም ያንን ልብስ አላገኘም።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኩት ጊዜ ማጋነን መስሎኝ ነበር። ሶለዋት እንዴት ጥፋት ይሆናል? ዛሬ እንደገባኝ ከሆነ፣ ያ ሶለዋት ወደ ነቢዩ የሄደ አልነበረም፤ ወደ ገዢው የሄደ ነበር። ልብሱ ሲዘረጋ የተነገረ ስለሆነ፣ እንዴት ያለ ድንቅ ልብስ ነው ማለት ሆነ። ገዢው ደግሞ ሶለዋትን ሰምቶ ጨርቅ መመርመር ያፍራል። እኔ እንዳፈርኩት ማለት ነው። ኢማሙ የጨርቁ ምስጋና ከጨርቁ ብቻ እንዲመጣ ፈለጉ። በዛሬው ገበያችን የሱቁ ስም፣ የግድግዳው ጽሑፍ፣ የነጋዴው ጺምና ኮፍያ፣ ሐላል የሚለው ማስታወቂያ ሁሉ ከዕቃው ጋር አብሮ እየተመዘነ የሚሸጥ ሆኗል። ከውስጡ ያለው ቅቤ ሙዝ ተለውሶበት፣ በርበሬው የሸክላ ዱቄት ተጨምሮበት የሚገኝበት ጊዜ እንዳለ በየጊዜው ከሚወጣው ማስጠንቀቂያ ሁላችንም ሰምተናል። ይህን የሚያደርገው ሙስሊሙ ብቻ ነው አላልኩም። ነገር ግን ሙስሊሙ ሲያደርገው ገዢው የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ በዲኑ ስም ሰላም ያለውን ሰው ሁሉ ይጠራጠራል።

እዚህ ላይ አንድ የፊቅህ ነገር ማንሳት ይገባል፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው አይመስለኝምና። በየሱቁ ግድግዳ ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ጽሑፍ አለ። በሸሪዓ ግን ገዢው ሲገዛ ያልተነገረው እንከን ያገኘ እንደሆነ ዕቃውን የመመለስ መብት አለው፤ ኺያረል ዐይብ ይሉታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን ፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ በዕቃው ላይ ለተሸሸገ ጉድለት ተጠያቂ እንደሆነ ይደነግጋል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም ሸማቹ እንዳይታለል የቆመ ነው። ታዲያ የሚያስገርመው የኢማሙ መዝሀብ ነው። በሐነፊ ፊቅህ ሻጭ ከእንከን ሁሉ ነጻ ነኝ ብሎ አስቀድሞ ከተዋዋለና ገዢው በዚያ ከተስማማ ውሉ ይጸናል፤ እንከኖቹን አንድ በአንድ መቁጠር አይጠበቅበትም። ይኸውም ኢማሙ ለሌላው ሰው የፈቀዱለት በር ሰፊ ነበር። እሳቸው በራሳቸው ሱቅ በዚያ በር አልገቡም። ለዳኛ የሚበቃው ሕግና ለራሳቸው የሚበቃቸው ነገር በእሳቸው ዘንድ ለየብቻ ነበሩ።

ይህ ጠባያቸው ከንግድ ውጭም ይታያል። በኩፋ የተሰረቀ በግ ከከተማው በጎች ጋር መቀላቀሉን በሰሙ ጊዜ በግ ስንት ዓመት እንደሚኖር ጠየቁ፤ ሰባት ዓመት ሲሏቸው ሰባት ዓመት የበግ ሥጋ ሳይበሉ ቆዩ ይባላል። ገንዘብ ያበደሩትን ሰው ደጅ ሲያንኳኩ፣ ከብድራቸው ጥቅም እንዳይሆንባቸው ከቤቱ ጥላ ወጥተው ፀሐይ ላይ ቆሙ የሚልም አለ። እንደዚህ ያለው ወረዕ ለሁሉም ሰው ግዴታ ነው የሚል ዓሊም የለም። ለማንም አላዘዙትም።

ዕውቀታቸውን በተመለከተ አጠር አድርጌ ልለፈው፤ ይህ ብዙ ጊዜ የተጻፈበት ነው። ከሐማድ ኢብኑ አቢ ሱለይማን ዘንድ 18 ዓመት ያህል ቀሩ። ልጃቸውን ሐማድ ብለው መሰየማቸው በኡስታዛቸው ስም ይመስላል። ኡስታዛቸው በ120 ዓመተ ሒጅራ ሲሞቱ መንበራቸውን ተረከቡ። መቅሪያቸው ተማሪው ዝም ብሎ የሚሰማበት አልነበረም፤ አንድ መስአላ ይቀርባል፣ ሁሉም የመሰለውን ይላል፣ ይከራከራሉ፣ ቀናት ይፈጃል፣ ከዚያ ይጻፋል። አቡ ዩሱፍ፣ ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒና ዙፈር ከዚያ የወጡ ናቸው። የንግድ ፊቅሃቸው የተመሠረተው በመጽሐፍ ብቻ እንዳልሆነም ልብ ይሏል። ስለ ውል፣ ስለ ብድር፣ ስለ ሽርክና ሲናገሩ የሚናገሩት በገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ናቸው።

የሱቁ ትርፍ የት ይሄድ እንደነበርም ተዘግቧል። ከዓመት ዓመት ከትርፉ ለኩፋ ሸይኾችና ለሐዲስ ሊቃውንት ቀለብና ልብስ ይገዙ ነበር። ስጦታውን ሲሰጡም ከገንዘባቸው ምንም እንዳልሰጡ፣ ይህ አላህ በእነሱ ስም በእጃቸው ያስገባው ትርፍ እንደሆነ ይነግሯቸው ነበር። አቡ ዩሱፍ ድሃ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ኑሮ ስለከበደው ከመቅሪያ ሊያስቀሩት ፈለጉ። ኢማሙ መቅረቱን አይተው ጠየቁት፣ ምክንያቱን ሲረዱ 100 ዲርሃም ያለበት ከረጢት ሰጡት፤ ሲያልቅም ሳይጠይቃቸው ይጨምሩለት ነበር። ያ ልጅ በኋላ በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን የመንግሥቱ ዋና ቃዲ ሆነ።

የጉራጌ አገር አንባቢዬ ይህን ሲሰማ የራሱን አባቶች ማስታወሱ አይቀርም። ሊስትሮ ሆኖ፣ ሱቅ በደረቴ ተሸክሞ አዲስ አበባ የገባው ትውልድ ቀስ በቀስ መርካቶን የያዘው በገንዘብ አልነበረም፤ ገንዘብ አልነበረውምና። ያለ ወረቀት ዕቃ በዱቤ የሚሰጠው ሰው በማግኘቱ ነው። ዕቁቡም የቆመው በቃል ነው። አንድ ሰው ቃሉን ቢያጥፍ ወሬው ከመርካቶ ተነስቶ ቡታጅራና ወልቂጤ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ መኪናው ከሚፈጅበት አይበልጥም ነበር። ዛሬ ገበያው ሰፍቷል። ገዢና ሻጭ አይተዋወቁም። ስልክ ላይ ባለ ፎቶግራፍ ብቻ የሚሸጥ ዕቃም መጥቷል፤ በፎቶግራፍ ደግሞ እጥፉ በየት በኩል እንዳለ ጭራሽ አይታይም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ውስጥ ከትተው እርጥበት ያገኙበትን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ባለ እህሉ ዝናብ እንዳገኘው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ያታለለ ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነም ተናገሩ። በፎቶግራፍ ውስጥ እጅ የሚከት ሰው የለም። ከላይ የሚያደርገው ሻጩ ራሱ ብቻ ነው።

ወደ ኢማሙ ልመለስ። እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ የተከተላቸው ፈተና የሥልጣን ነበር። በኡመውዮች ዘመን ማብቂያ የኢራቅ ገዢ የነበረው ኢብኑ ሁበይራ ቃዲ ሊያደርጋቸው ፈለገ። እምቢ አሉ። በቀን አሥር አሥር ጅራፍ እየተገረፉ መቶ አሥር እስኪደርስ ተገረፉ፤ አሁንም እምቢ አሉ። ከዚያ ወደ መካ ሄደው መንግሥቱ እስኪለወጥ ቆዩ። የዐባሲዮች ዘመን መጣ፤ ኸሊፋው አቡ ጀዕፈር አል-መንሱር ባግዳድን ቆረቆረ፤ እሱም ጠራቸው። ገዢዎች የፈለጉት የፍርድ ችሎታቸውን ብቻ አልነበረም። ሕዝቡ ያመነውን ስም በራሳቸው ሥራ ላይ ሊለጥፉ ነበር።

አል-መንሱር ፊት የሆነው ነገር በሰፊው ይታወቃል። ኢማሙ ለዚህ ሹመት እንደማይበቁ ተናገሩ። ኸሊፋው ውሸትህን ነው አላቸው። እሳቸውም፣ እንግዲያው ኸሊፋው ራሱ ፈርዷል፤ ውሸታም ከሆኑ ውሸታም ቃዲ ሊሆን አይገባም፤ እውነተኛ ከሆኑ ደግሞ አልበቃም ብለው ነግረውታል ብለው መለሱ። ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ የብልህነታቸው ምሳሌ አድርጎ ያወራዋል። እኔ ግን ከሱቁ ታሪኮች በኋላ ሳነበው ባለሱቁ ኑዕማን ይታየኛል። ገዢው ዕቃውን እንከን የለበትም ብሎ ሊወስድ ሲጣደፍ፣ እንከን አለበት እያለ የሚከለክል ሻጭ። ገዢው ኸሊፋ ነው፤ ዕቃው ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እምቢ ለማለት ያስቻላቸው አንዱ ነገርም ያ ሱቅ ይመስለኛል። ከቤተ መንግሥት ደመወዝ አይበሉም ነበር፤ የሚላክላቸውንም ስጦታ አይቀበሉም ነበር።

አል-መንሱር አሰራቸው። በ150 ዓመተ ሒጅራ (767 እ.ኤ.አ.) በረጀብ ወር በባግዳድ ሞቱ። ዕድሜያቸው በጨረቃ አቆጣጠር 70 ነበር። እስር ቤት ውስጥ ነው የሞቱት የሚሉ አሉ፤ ተፈትተው ከቤት ሳይወጡ ነው የሚሉም አሉ። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ ጀናዛቸው ላይ ስድስት ጊዜ እንደተሰገደ ተዘግቧል። ከመሞታቸው በፊት በኸይዙራን መቃብር እንዲቀበሩ ተናዝዘው ነበር፤ ሌላው ቦታ ገዢው ከሰው የነጠቀው ሳይሆን አይቀርም ብለው ስለተጠራጠሩ። አካባቢው ዛሬ በስማቸው አዕዘሚያ ይባላል፤ ኢማሙል አዕዘም ከሚለው ማዕረጋቸው የመጣ ነው።

ሲሞቱ በእጃቸው የሰው አደራ ብዙ ነበር። ወርቅ፣ ብርና ሌላም ንብረት። ከባለቤቶቹ ገሚሱ በሩቅ አገር ነበሩ፤ በመካከላቸው የቲሞችም ነበሩበት። ያ በልጅነቱ ጨርቅ ሲዘረጋ ሶለዋት አውርዶ የተገሠጸው ሐማድ አደራውን ሁሉ ጭኖ ወደ ቃዲው ወሰደው። ቃዲው፣ ከአንተ የተሻለ ጠባቂ የለውም፣ በእጅህ ይቆይ አለው። ሐማድ ግን የአባቱ ጫንቃ ከአደራው ነጻ እንዲወጣ ሚዛን ላይ ወጥቶ እንዲቆጠርና እንዲረከቡት ለመነ። ቃዲው ተስማማ። መዝኖ ለመጨረስ ቀናት ፈጀ። የመጨረሻው ተመዝኖ እንዳለቀ ሐማድ ተሰወረ፤ ቃዲው አደራውን ለሌላ ሰው መስጠቱን እስኪሰማም ድረስ አልታየም።